ከአሮጌ ላፕቶፕ የቤት ሰርቨር ማዋቀር

ለቤት ሰርቨር የሚሆን አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ከመነሳትዎ በፊት፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካለዎት እሱን ይመልከቱ። ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን በአንድ ቦታ አስቀምጦ ለቤተሰቡ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ማዳረስ ከባድ ሥራ ስላልሆነ፣ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና ጤነኛ ዲስክ ያለው ማሽን በሚገባ ይወጣዋል። መብራት ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥም ባትሪው ሰርቨሩን ከድንገተኛ መጥፋት ይታደገዋል፤ ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ሳይወገድ ማሽኑን ማብራት አይገባም። ሰርቨር ቀንና ሌሊት የሚሠራ በመሆኑ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ሊታሰብበት ይገባል፦ 10 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በዓመት 88 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ 100 ዋት የሚወስድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር 876 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዴቢያን ቢሆን እመርጣለሁ፤ ኡቡንቱ ሰርቨርም ጥሩ ነው። የመጫኛውን ፋይል ከድረ ገጹ አውርደው በፍላሽ ላይ ይጻፉና ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሱ። መጫኑ ዲስኩን ስለሚያጸዳው፣ በውስጡ የሚፈለግ ነገር ካለ አስቀድሞ ይውጣ። የዴቢያን መጫኛ የትኞቹ ሶፍትዌሮች እንዲገቡ ሲጠይቅ፣ የዴስክቶፑን (በመስኮቶችና በሥዕሎች የሚሠራበትን ገጽታ) ምርጫ አጥፍተው የኤስኤስኤች ሰርቨርን፣ ማለትም ማሽኑን ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ለማዘዝ የሚያስችለውን ፕሮግራም ይምረጡ። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያንቀላፋ፣ ሎግኢንዲ (logind.conf) የተባለውን የሲስተምዲ፣ ማለትም የማሽኑን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ማዋቀሪያ ፋይል ከፍተው ስለ ክዳኑ ከሚናገረው መስመር (HandleLidSwitch) ፊት ያለውን የመሰላል ምልክት (#) ያጥፉ፤ ዋጋውንም ኢግኖር (ignore) ወደሚለው ይለውጡ። ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ሲበራ ክዳኑን ቢዘጉትም ሥራውን ይቀጥላል።

ሰርቨሩን ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ያገናኙት። ቀጥሎም በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ለዚህ ማሽን ቋሚ የአይፒ አድራሻ (በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ የሚገኝበት ቁጥር) ያስይዙለት፤ አለበለዚያ አድራሻው በተለወጠ ቁጥር ሰርቨሩን መፈለግ ግድ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሰርቨሩን የሚያዙት ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ነው። በይለፍ ቃል ከመግባት በቁልፍ መግባት እጅግ ይሻላል። በራስዎ ኮምፒውተር ጥንድ ቁልፍ፣ ማለትም ማንነትዎን የሚያረጋግጡ ሁለት ተዛማጅ ፋይሎች ይፈጥራሉ፤ የግል ቁልፉ እዚያው ይቀራል፣ ይፋዊው ቁልፍ ብቻ ወደ ሰርቨሩ ይገለበጣል። በይለፍ ቃል መግባትን ከከለከሉ በኋላ ሰርቨሩ ውስጥ የገቡበትን መስኮት ወዲያው አይዝጉት፤ ሌላ መስኮት ከፍተው በቁልፉ መግባት መቻልዎን ይፈትሹ። አልገባ ካለ፣ በፊተኛው መስኮት ውስጥ ሆነው ስሕተቱን ማረም ይችላሉና። የደኅንነት ማሻሻያዎች በራሳቸው እንዲጫኑ ማድረግም ከዚሁ ጋር የሚጠናቀቅ ሥራ ነው።

አገልግሎቶችን አንድ በአንድ ይጨምሩ። ፋይል ለመጋራት ሳምባ ይበቃል፤ ፊልምና ሙዚቃ ለማጫወት ጄሊፊን አለ። አንዱ በወጉ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ሌላውን መደረብ፣ ችግር ሲፈጠር ከየት እንደመጣ መለየትን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ከቤት ውጭ ሆነው ሰርቨሩን ማግኘት ከፈለጉ፣ የእያንዳንዱን አገልግሎት በር (ፖርት፣ ማለትም ግንኙነት የሚገባበት ቁጥር) በራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት አይክፈቱ፤ የተከፈተ በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ኢንተርኔትን ያለማቋረጥ ያስሳሉ። ይልቁንም ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቤቱ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ) ጭነው ለእሱ ብቻ አንድ በር መክፈት በቂ ነው። በራውተሩ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚጀምር ከሆነ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያጋራ ስለሆነ ይህ መንገድ አይሠራም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ በእኔ እምነት እሱ ሳይዘጋጅ አንድም የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወደ ሰርቨሩ መግባት የለበትም። ሬይድ በተባለው ዘዴ ሁለት ዲስኮችን አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን ማጣመር መጠባበቂያ አይደለም፤ አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ያድናል እንጂ፣ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የታወቀው ደንብ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱም ከቤት ውጭ ይኑር የሚል ነው። ሬስቲክ የተባለው ፕሮግራም ቅጂዎቹን አመስጥሮ በውጫዊ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ከመጀመሪያው በኋላም የተለወጠውን ብቻ ይጨምራል። ቅጂው መኖሩን ብቻ አይተው አይርኩ፤ አንድ ፎልደር መርጠው ወደ ሌላ ቦታ ይመልሱና ፎቶግራፎቹን ከፍተው ይመልከቱ፣ ሰነዶቹንም ያንብቡ። የሬስቲክ የይለፍ ቃል ከጠፋ ቅጂውን የሚከፍት ሌላ መንገድ ስለሌለ፣ ቃሉን በወረቀት ጽፈው ከሰርቨሩም ከዲስኩም በተለየ ቦታ ያስቀምጡት።