ሞንቴኔግሮን በሰባት ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ የምትገኘው የሞንቴኔግሮ ስፋት 13,812 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የባሕር ጠረፏም 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ካርታ ላይ ሲያዩዋት በሁለት ቀን ዞረው የሚጨርሷት ትመስላለች። ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ተራራው እስከ ውሃው ጠርዝ ስለሚወርድ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ዳርቻውን ተከትሎ የሚሄደው ዋና መንገድ ደግሞ አንድ ነው። ከባሕር ዳር ከተሞቿ ከኮቶር እስከ ቡድቫ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው በማይበዛበት ወቅት 40 ደቂቃ ይበቃል፤ በኦገስት ቅዳሜ ግን ጊዜው እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ጉዞዎን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ያቅዱ፤ ማደሪያዎን ከሁለት ቦታ በላይ አያድርጉ።

ደረጃ 1፦ ቪዛውን ያጣሩ

ሞንቴኔግሮ በዩሮ ትገበያያለች፤ ይሁንና የአውሮፓ ኅብረትም የሼንገንም (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) አባል አይደለችም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ያለ ቪዛ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ጊዜው ያላለፈ የሼንገን፣ የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ቪዛ ካለው ግን እስከ 30 ቀን እንዲቆይ ይፈቀድለታል። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ከሞንቴኔግሮ ኤምባሲ ያረጋግጡ።

ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ይኸውልዎ፦ ክሮኤሺያ ከ2023 መጀመሪያ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ሼንገን ውስጥ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ የሼንገን ቪዛ የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ ከተማ አርፈው በመኪና ወደ ሞንቴኔግሮ ከተሻገሩ፣ በዚያው ቪዛ መመለስ አይችሉም። የመመለሻ በረራዎ ከዱብሮቭኒክ ከሆነ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ይያዙ።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በኢስታንቡል በኩል ወደ ዋና ከተማዋ ፖድጎሪጻ መብረር ይችላል። ለባሕሩ የሚቀርበው ኤርፖርት ግን ቲቫት ነው፤ ከዚያ ኮቶር ለመድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ነው።

ሌላም ግዴታ አለ። ማንኛውም የውጭ ዜጋ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሆቴሎች ይህን ራሳቸው ይፈጽማሉ። የግል ቤት ከተከራዩ ባለቤቱ ያስመዘግብዎ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ፤ ካላስመዘገበ የከተማው የቱሪስት ቢሮ ሄደው ይመዝገቡ፤ አነስተኛዋን የቆይታ ግብርም ይክፈሉ። ደረሰኙን እስኪወጡ ድረስ አይጣሉት።

ደረጃ 2፦ ወቅቱን ይምረጡ

በእኛ ክረምት፣ በጁላይና ኦገስት፣ እዚያ የበጋው ጣሪያ ነው። ባሕሩ ወደ 25 ዲግሪ ይሞቃል፤ ዋጋውና ግፊያውም አብሮ ይንራል። ሴፕቴምበር የተሻለ ምርጫ ነው፤ ውሃው ገና አልቀዘቀዘም፣ መንገዱ ግን ተንፍሷል። ከኦክቶበር በኋላ የኮቶር ሰላጤ ዝናብ ይበረታል፤ ከሰላጤው በላይ ያለው የኦርየን ተራራ በአውሮፓ ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች በኮቶር ሰላጤ ይደሩ

ሰላጤው ከባሕር ጠለል በታች የሰመጠ የወንዝ ሸለቆ ነው። በኤፕሪል 15፣ 1979 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተሞቹን ክፉኛ ጎዳ፤ በዚያው ዓመት የኮቶር አካባቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የኮቶርን ምሽግ ጠዋት ይውጡት። ከአሮጌው ከተማ ጀርባ ወደ ቅዱስ ዮሐንስ ምሽግ የሚያወጣው መንገድ 1,350 ያህል ደረጃዎች አሉት። ተራራው በምሥራቅ በኩል ስለቆመ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትደርስበት፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት (በፈረንጆቹ 7) ከተነሱ አብዛኛውን ዳገት በጥላ ይጨርሱታል። ከረፋድ በኋላ ግን ድንጋዩ ይግላል፣ ትልልቅ መርከቦች ያራገፏቸው ጎብኚዎችም ደረጃውን ይሞሉታል። ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ ይያዙ። ጫማዎ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ ድንጋዩ በዘመናት እግር ስለለሰለሰ የሚያንሸራትተው ሲወርዱ ነው። መግቢያው ይከፈልበታል። ሲመለሱ በ1166 የተቀደሰውን የቅዱስ ትሪፎን ካቴድራል ይዩ።

በሁለተኛው ቀን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ፔራስት ይሂዱ። ከፊቷ ሁለት ደሴቶች አሉ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተጠራው የተፈጥሮ ደሴት ነው፤ ገዳሙ ለጎብኚ አይከፈትም። ሁለተኛው፣ ጎስፓ ኦድ ሽክርፕዬላ፣ ሰው የሠራው ነው። ትውፊቱ እንደሚለው መርከበኞች በጁላይ 22፣ 1452 ከባሕሩ ዐለት ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አገኙ፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ እየጣሉ፣ ያረጁ መርከቦችንም ድንጋይ ሞልተው እያሰጠሙ ደሴቱን ገነቡት። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የአካባቢው ሰው በጀልባ ወጥቶ ድንጋይ ይጥላል። ጉዞዎን ከዚህ በዓል ጋር ማገናኘት ከቻሉ ያገናኙት፤ በዚህ ዳርቻ ከሚታየው ሁሉ የሚልቅ ነው። በሌላ ቀን ከወደቡ የሚነሱ ትንንሽ ጀልባዎች ደርሶ መልስ ያደርሳሉ፤ ዋጋውን ከመሳፈርዎ በፊት ይስማሙ፣ ደሴቱ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቁዎትም ይጠይቁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሎቭቼን ተራራ ይውጡ። ከኮቶር የሚወጣው አሮጌ መንገድ 25 ሹል መታጠፊያዎች አሉት፤ ጠባብ ስለሆነ አውቶቡስ ከፊት ከመጣ ወደ ኋላ መመለስ ሊኖርብዎ ይችላል። ለመንዳት ካልደፈሩ በ2023 የተከፈተው የገመድ መኪና በ11 ደቂቃ ገደማ ያወጣል። ከዚያ በላይ፣ 1,657 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ገጣሚም የአገሩ ገዢ ጳጳስም የነበረው የንዬጎሽ መካነ መቃብር አለ፤ ለመድረስ 461 ደረጃ ይቀራል። ታች 30 ዲግሪ ቢሆንም እላይ ነፋሱ ይቆርጣል፤ ጃኬት ይያዙ።

ደረጃ 4፦ ለቀሪዎቹ ሌሊቶች ወደ ደቡብ ይውረዱ

ቡድቫ ሞቅ ያለ ነገር ለሚወድ ትስማማለች፤ ቤተሰብ ይዞ ለሄደ ግን ፔትሮቫጽ ይሻላል፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ዋጋውም አይመርም።

ከቡድቫ አሮጌ ከተማ በገደሉ ሥር አሥር ደቂቃ ሲራመዱ ሞግረን ይደርሳሉ፤ በዐለት ውስጥ በተቦረቦረ መተላለፊያ የተገናኙ ሁለት ትንንሽ ዳርቻዎች ናቸው። ከረፋዱ በፊት ካልደረሱ ፎጣ የሚያነጥፉበት ቦታ አያገኙም። ጃንጥላና መጋደሚያ ወንበር መከራየት ግዴታ አይደለም፤ ዳርቻዎቹ የሕዝብ ናቸው። ከወንበሮቹ ራቅ ብሎ ያልተከራየ ቦታ ስለሚኖር እዚያ ፎጣዎን ያንጥፉ።

ስቬቲ ስቴፋን፣ ማለትም ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ በቀጭን የአሸዋ መሻገሪያ ከየብስ የተያያዘች የደሴት መንደር ናት። የሆቴል ይዞታ ስለሆነች ለመግባት አይድከሙ። ምርጡ ዕይታ ከላይ ካለው ዋና መንገድ ነው፤ ከዚያ ወርደው በሚሎቸር መናፈሻ ጥድ ሥር እስከ ፕርዥኖ መንደር በእግር ይሂዱ።

አብዛኛው ዳርቻ ጠጠር ነው። የውሃ ጫማ ይግዙ፤ በዐለቱ መካከል የባሕር ጃርት አለ፣ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ጠጠራማ ቦታ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ሊጠልቅ ስለሚችል ዋና የማይችል ሰውና ልጆች በደቡብ ወዳለችው የኡልጺኝ ከተማ ቢሄዱ ይመረጣል። እዚያ ያለው ቬሊካ ፕላዣ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ አሸዋ ነው፤ ውሃው እስከ ሩቅ ድረስ ከጉልበት አያልፍም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋቱን ለመዋኘት ይጠቀሙበት። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ግን የቱንም ያህል ጥልቀት ባይኖረው አይግቡ።

የኡልጺኝ ብዙው ነዋሪ አልባኒያዊ ሙስሊም ስለሆነ ሐላል ምግብ በቀላሉ ይገኛል። ለሴቶች ብቻ የተከለለ፣ ክፍያ ያለው ዳርቻም አለ። የከተማዋ መርከበኞች ባሮች አድርገው ያመጧቸው አፍሪካውያን ዘሮች እዚሁ ኖረዋል፤ በአሮጌው ከተማ የባሮች አደባባይ የሚባለውን ቦታ ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

ደረጃ 5፦ አንድ ቀን ለኦስትሮግ ገዳም ይተዉ

ኦስትሮግ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በቀጥ ያለ ገደል ውስጥ የተሠራ የኦርቶዶክስ ገዳም ነው። የቅዱስ ቫሲሊዬ ዐፅም በትንሽ ዋሻ ቤተ መቅደስ አርፏል። ከታችኛው ገዳም እስከ ላይኛው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው፤ ብዙ ምዕመናን በባዶ እግር ይወጡታል። ትከሻና ጉልበት የተሸፈነ ይሁን፤ ነጠላ መያዝ በቂ ነው። ለመሳለም ሁሉም ይገባል። የተዋሕዶ ምዕመን ግን ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናቱ ስለተለያዩ እዚያ አይቆርብም። በሜይ 12 የቅዱሱ በዓል ስለሆነ ሰልፉ ሰዓታት ይወስዳል።

ምግብ

የአገሩ ኩራት የሆነው የንዬጉሺ ፕርሹት የአሳማ ሥጋ ነው፤ ላለመሳሳት "ቤዝ ስቪኜቲኔ" (ያለ አሳማ) ይበሉ። የጾም ምግብን "ፖስኖ" ይሉታል፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለውም፣ ዓሣ ግን ሊኖረው ይችላል። ዓሣ የማይበላ ጾመኛ "ቤዝ ሪቤ" ብሎ ይጨምር። የእነርሱ የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 14 እስከ 27 ስለሆነ ከእኛው ጋር ለአንድ ሳምንት ያህል ይገጥማል፤ በእነዚያ ቀናት ፖስኖ መጠየቅ ማንንም አያስገርምም።

መኪና ለሚከራዩ

የመኪናው የፊት መብራት ቀንም ሌሊትም እንደበራ መሆን አለበት፤ ፖሊስ በዚህ ያስቆማል። ከቲቫት ወደ ሄርጼግ ኖቪ ሲሄዱ ሰላጤውን ከመዞር ይልቅ ከሌፔታኔ ወደ ካሜናሪ በሚያሻግረው የመኪና ጀልባ ይሻገሩ፤ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ መሻገሩም ጥቂት ደቂቃ ነው። ጎረቤት አገር የሚገቡ ከሆነ አከራዩ ግሪን ካርድ የሚባለውን የመድን ወረቀት ይስጥዎ። ወደ ዱብሮቭኒክ የሚወስደው የዴቤሊ ብሪዬግ ኬላ በበጋ ረጅም ሰልፍ አለው፤ በረራ ካለዎ ለኬላው ብቻ ሁለት ሰዓት ይጨምሩ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ነዳጅና ውሃ ይሙሉ።