አምስተኛውን ዩሮፓ ስትጀምሩ በንግድ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ያሉት ጌም ቤቶች በኳስ የተሞሉ ናቸው። ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ካርታ ከፍቶ፣ ነጋዴ ልኮ፣ ግብር ሰብስቦ የሚያድርም ልጅ አለ። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

አገር እየመራችሁ በታሪክ ውስጥ የምትጓዙበት የኮምፒውተር ጌም፣ ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 5፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ወጥቷል። ብዙዎቻችን ግን የሚሸከመው ኮምፒውተር እስኪገኝ አራተኛውን እየተጫወትን ነው። ስትሻገሩ መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ ጦርነቱ አይደለም፣ ንግዱ ነው። ከአራተኛው የመጣ ልማድ እዚህ አይሠራም።

ቀስቱን መፈለግ

አራተኛው ላይ ንግድ እንደ ወንዝ ነበር። ካርታው ላይ በቀስት የሚታየው አቅጣጫው ተወስኗል፣ ወደ ኋላ አይመለስም። መጨረሻው ቬኒስ፣ ጄኖቫ ወይም የእንግሊዝ ቻናል ነው። ኢትዮጵያን የያዘ ሰው ምንም ቢጥር ሀብቱ ወደ ሰሜን ሲሄድ ያያል። አምስተኛው ይህን ጥሎታል። ገበያዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ገበያ የራሱ አቅርቦት፣ ፍላጎትና ዋጋ አለው። ከረከሰበት ገዝታችሁ በተወደደበት ትሸጣላችሁ። ስለዚህ «ንግዱ ወዴት ይፈሳል?» ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ። «እኔ ጋ ምን ተረፈ፣ ጎረቤት ምን አጣ?» ብላችሁ ጀምሩ።

መሸጥ ብቻ

የሚገባ ብር የሚታየው ስንሸጥ ስለሆነ ሁሉም ወደ መሸጥ ይሮጣል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። እዚህ ጌም ውስጥ ሕዝቡ ይበላል፣ ይለብሳል። ወርክሾፑም ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል። ጨርቅ የሚሠራ ቤት ከፍታችሁ ጥጡን ወይም ሱፉን ለጎረቤት ከሸጣችሁ ጥሬ ዕቃው በገበያችሁ ይወደዳል። ወርክሾፑ ቆሞ ይታያል፣ ትርፉ ግን አልቋል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት በኮምቦልቻ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጥጥ ከሌለ ማሽን ይቆማል። አንዳንዴ የሚያዋጣው በኪሳራ ማስገባት ነው። ብረት በውድ ገዝታችሁ ከሱ የሚሠራው ዕቃ ወጪውን ከሸፈነላችሁ አትርፋችኋል። የንግዱን መስመር ለብቻው አትዩት።

ርቀትን በካርታ ላይ በጣት መለካት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ኢትዮጵያን የሚጫወት ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ምንም አይደለም። ግን በመካከሉ ያለውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ያንን ጠመዝማዛ ያውቀዋል። በዚያች አጭር መንገድ ወደ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ጭነት ለያዘ ሰው ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ዳገቱ ነው ዋጋው። የባቲን ከተማም እዩ። የሰኞው ገበያ እዚያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ግመል ከአፋር ጨው ጭኖ ይመጣል፣ ደጋውን ግን አይወደውም። ከደጋ የሚወርደው እህል ደግሞ በበቅሎና በአህያ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ዳገቱ ሥር ነው።

ጌሙ ይህን በደንብ ቆጥሮታል። አንድ ቦታ ከገበያው ማዕከል ጋር ያለው ትስስር በርቀት፣ በመሬቱ አቀማመጥ፣ በወንዝና በመንገድ ይወሰናል። ባሕርና ወንዝ ያቀርባሉ፣ ተራራ ያርቃል። የእኛ ደጋ ደግሞ ተራራ በተራራ ነው። እና ምን ይደረጋል? ሰው ጥሩ ጥሬ ዕቃ ያለበትን ሩቅ ቦታ ያያል፣ ያለውን ብር አሟጦ እዚያ ወርክሾፕ ይሠራል። ዓመት ቆይቶ «ለምን አያተርፍም?» ይላል። ወርክሾፑ ጥፋት የለበትም። የጠፋው መንገዱ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከዋና ከተማ ወደ ገበያው ማዕከል መንገድ፣ ከዚያ በመንገዱ ዳር ያሉ ቦታዎች፣ ሩቁ መጨረሻ ላይ። መንገድ የመንግሥታችሁን ቁጥጥርም ያጠናክራል። ቁጥጥር ከሌለ ቦታው ሀብታም ቢሆንም ለግምጃ ቤታችሁ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

በጦር ወደ ወደብ መሮጥ

ጨዋታው የሚጀምረው በፈረንጆቹ 1337 ነው። ዙፋኑ ላይ ያሉት ዓፄ ዓምደ ጽዮን ናቸው (1314–1344)። ከ5 ዓመት በፊት፣ በ1332፣ ከይፋት ገዥ ከሰብረዲን ጋር ከባድ ጦርነት አድርገዋል። የጠቡ አንዱ ሥር ከዘይላ ወደብ ወደ መሀል አገር የሚገባው የንግድ መንገድ ነበር።

ስለዚህ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዘይላን መጠቅለል ነው። አይገርምም፣ ወደብ ያጓጓል። ግን ቅድም ያልኩትን ቁጥጥር አስታውሱ። ከዋና ከተማ የራቀ፣ መንገድ የሌለው ወደብ በስም የእናንተ ይሆናል፣ ገቢው ግን አይደርስም። ጦሩና አመፁ ግን ይደርሳል። ዓምደ ጽዮን ራሳቸው ሰብረዲንን ካሸነፉ በኋላ ወንድሙን ጀማሉዲንን ሾመው ይፋትን ገባር አድርገው ነው የተዉት። በእኔ እምነት ጌሙ ላይም በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይሄው ነው። ገባር አድርጉ፣ መንገድ ሥሩ፣ ከዚያ ስለ መጠቅለል አስቡ።

አንድ ያዋጣን ነገር በየቦታው መሥራት

አንዱ ወርክሾፕ ካተረፈ አሥሩ አሥር እጥፍ አያተርፍም። ዕቃው ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፣ የጥሬ ዕቃው ዋጋ ደግሞ ይወጣል። ከሁለቱም ጎን ትመታላችሁ። አንድ ሥሩ፣ ዋጋው ሲረጋ እዩ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ሁሉን ለኮምፒውተሩ መተው፣ ወይም ሁሉን በእጅ መያዝ

ንግዱን በአውቶማቲክ ማድረግ ይቻላል፤ ለጀማሪም አይከፋም። የከተማ ነጋዴዎችም በራሳቸው ይነግዳሉ። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያየው የዛሬን ትርፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጦርነት እንደምትከፍቱ አያውቅም። መሣሪያ የሚሠራበትን ዕቃ ቀድማችሁ ማስገባት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። በሌላ በኩል እያንዳንዷን ጭነት በእጅ ልያዝ ያለ ሰው በጌሙ አሥር ዓመት ሳይሞላው ይሰለቻል። ለሕይወታችሁ የሚያስፈልጉትን ሁለት ሦስት ዕቃዎች ያዙ፣ ሌላውን ልቀቁት።

ብር ሲጎድል ሳንቲም መምታት

ሳንቲም የመምቻውን መጠን ከፍ ስታደርጉ ግምጃ ቤቱ ወዲያው ይሞላል። የዋጋ ንረቱ ግን ቀስ ብሎ ይከተላል፣ ለመውረድም ጊዜ ይፈጃል። ለአጭር ጊዜ፣ ለጦርነት ብቻ ተጠቀሙበት።

ትንንሾቹን ነገሮች ማለፍ

የዕቃው ዋጋ ላይ ማውሱን አሳርፉ። ማን እንደሚያቀርብ፣ ማን እንደሚፈልግ ይዘረዝራል። አዲስ ነገር ከመሥራታችሁ በፊት ጨዋታውን ፖዝ አድርጋችሁ የገበያውን ካርታ ክፈቱ፣ ያ ቦታ የየትኛው ገበያ እንደሆነ እዩ። ድንበራችሁ ውስጥ ሆኖ በጎረቤት አገር ገበያ ሥር የሚውል መሬት ይኖራል። አውቶሴቩንም (ጨዋታውን በራሱ የሚያስቀምጠውን) አጭር በሆነ ልዩነት እንዲሠራ አድርጉት፤ በእኛ ከተማ መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው።