የአስተላላፊው ንግግርና የደጋፊው ጩኸት፦ በቀጥታ ሥርጭት የሚተላለፍ ጨዋታን ድምፅ ማስተካከል

የክለብና የሠፈር ውድድሮችን በዩቲዩብ ወይም በፌስቡክ በቀጥታ ማስተላለፍ ዛሬ ቀላል ሆኗል፤ ለጆሮ የሚመች ድምፅ አብሮ ማስተላለፍ ግን አልቀለለም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመሣሪያው ርካሽነት ሳይሆን፣ የጨዋታ አስተላላፊው ንግግርና የደጋፊው ጩኸት በአንድ ማይክሮፎን እንዲገቡ ከመደረጋቸው ነው። ሁለቱ አንዴ ከተቀላቀሉ ጨዋታው እየተካሄደ መልሶ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ደጋፊው ሲጮህ አስተላላፊው ይዋጣል፤ አስተላላፊው እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ጩኸቱም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ካሜራ ከመቀየሩ በፊት ሁለት ማይክሮፎኖች፣ በሁለት የተለያዩ መስመሮች፣ መዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

ለአስተላላፊው የሚመረጠው ዳይናሚክ የሚባለው፣ የቅርቡን ድምፅ እንጂ የሩቁን ብዙም የማይለቅመው የማይክሮፎን ዓይነት ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ለስቱዲዮ ግሩም ቢሆንም፣ ስታዲየም ውስጥ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ሳል ጭምር ለቅሞ ያስገባል። ከዓይነቱ በላይ የሚወስነው ግን ርቀቱ ነው። በአፍና በማይክሮፎን መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የንግግሩ ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ገደማ ይጨምራል፤ ከሩቅ የሚመጣው ጩኸት ግን ባለበት ይቆያል። የቢቢሲ የስፖርት ዘጋቢዎች ለአሥርት ዓመታት የተጠቀሙበት፣ የላይኛውን ከንፈር ተደግፎ የሚያዘው ማይክሮፎን የተሠራው በዚሁ መርሕ ነው። ለእኛ አቅም ከጆሮ ማዳመጫ ጋር የተያያዘ ማይክሮፎን ይበቃል፤ ከአፍ ጥግ በሁለት ጣት ርቀት፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ይቀመጥ። አስተላላፊው አንገቱን ወደ ሜዳው ዳርና ዳር ሲያዞር ማይክሮፎኑም አብሮት ስለሚዞር፣ ጠረጴዛ ላይ ከቆመው ይልቅ ይህ ይመረጣል።

የድባቡ ማይክሮፎን፣ ማለትም የደጋፊውንና የሜዳውን ድምፅ የሚይዘው ሁለተኛው፣ ቦታው ደግሞ በሜዳው ዓይነት ይወሰናል። እንደ አዲስ አበባ ስታዲየም የመሮጫ መም ባለበት ሜዳ፣ ከመቀመጫው ላይ የተተከለ ማይክሮፎን የኳሱን ምት በደንብ አይሰማውም፤ ቢሰማውም ዘግይቶ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 100 ሜትር የራቀ ምት ከምስሉ በሦስት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይደርሳል። ከተፈቀደ ማይክሮፎኑን ወደ ሜዳው ጠርዝ አቅርቦ መትከል፣ ካልተፈቀደም ከድምፅ ማጉያዎች፣ ከከበሮና ከጥሩንባ አርቆ፣ ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ ማሰር ይሻላል። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ቀድሜ ባለመቃኘቴ ማይክሮፎኑን የደጋፊዎች ከበሮ መቺ ከሚቆምበት ሥፍራ አጠገብ ተክዬው፣ ተመልካቾቻችን ዘጠናውን ደቂቃ ከበሮ ሲያዳምጡ ውለዋል። ነፋስ በሚበዛበት ሜዳ ስፖንጁ ብቻ ስለማይበቃ ጸጉራም የነፋስ መከላከያ ማልበስ፣ በአብዛኞቹ ትንንሽ ሚክሰሮች (የማይክሮፎኖችን ድምፅ ተቀብለው የሚያመጣጥኑ መሣሪያዎች) ላይ የሚገኘውንና ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ የሚቆርጠውን ቁልፍም መጫን ያስፈልጋል። ማጉያዎቹን መራቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ በእረፍት ሰዓት የሚለቀቀው ዘፈን በሥርጭቱ ውስጥ ጎልቶ ከገባ ዩቲዩብ በቅጂ መብት ምክንያት ሥርጭቱን ሊያግደው ይችላል። በእረፍት የድባቡን መስመር መዝጋት አስተማማኙ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር መልሶ መክፈትን የሚያስታውስ ሰው እስካለ ድረስ።

የኤሌክትሪክ ገመድና የድምፅ ገመድ ጎን ለጎን አይዘርጉ፤ የግድ ከተገናኙ አንዱ ሌላውን አቋርጦ ይሻገር እንጂ አብረው አይጓዙ። ስልክም ከሚክሰሩ ላይ ይነሣ።

ሚክሰር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር የሚልከው ድምፅ እያንዳንዱ ማይክሮፎን ተለይቶ ነው ወይስ ሁሉም ተቀላቅሎ? ርካሾቹ ብዙዎቹ ቀላቅለው ስለሚልኩ፣ በእነርሱ የሚሠራ ሰው ሚዛኑን በእጁ መጠበቅ አለበት። ተለይቶ የሚገባ ከሆነ ግን በነጻ በሚገኘው ኦቢኤስ የተባለ የቀጥታ ሥርጭት ሶፍትዌር ውስጥ በድባቡ መስመር ላይ ኮምፕረሰር (ድምፅን በራሱ ዝቅ የሚያደርግ ማጣሪያ) አድርጎ የአስተላላፊውን ማይክሮፎን እንዲከተል ማዘዝ ይቻላል፤ አስተላላፊው ሲናገር ጩኸቱ በራሱ ዝቅ ይላል፣ ዝም ሲል ይመለሳል። የንግግሩ ጫፍ በሶፍትዌሩ የድምፅ መለኪያ ላይ ከዜሮ (ከመጨረሻው ጣሪያ) በታች በ12 እና በ6 ዴሲቤል መካከል ቢውል፣ ድባቡም ከንግግሩ ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል ዝቅ ቢል ሚዛኑ ደህና ነው። ግብ ሲቆጠር የሚመጣው ጩኸት እንዳይሰነጠቅ በመጨረሻ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚገታ) ይጨመራል፤ መጠኑም አስተላላፊው ግብ የገባ ያህል እንዲጮህ ተደርጎ ይለካል እንጂ በተለመደው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አይለካም። የካሜራው ምስል ከድምፁ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ካሜራው ፊት ማጨብጨብና ልዩነቱን በሚሊ ሰከንድ ለክቶ ድምፁን ያን ያህል ማዘግየት ነው።

መሣሪያው ሲስተካከል የሚቀረው የሚነገረው ነገር ነው፤ በእኔ ግምት የሥርጭቶቻችን ዋና ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሙያ በጆሮ የተማርነው ከሬዲዮ ነው። ደምሴ ዳምጤ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ጨዋታ ሲያስተላልፍ አድማጩ ሜዳውን የሚያየው በእርሱ ቃላት ብቻ ስለነበር፣ ኳሷ ከማን ወደ ማን እንደሄደች ሳያቋርጡ መናገር ግዴታ ነበር። በምስል ሥርጭት ግን ኳሷ ወደ ግራ መሄዷን ተመልካቹ ራሱ ያያል። የሚፈልገው ያላየውን ነው፤ ኳሱን የያዘው ማን እንደሆነ፣ ረዳት ዳኛው ባንዲራ ያነሣው ለምን እንደሆነ፣ ከካሜራው ውጪ ለቅያሪ የሚያሟሙቀው ማን እንደሆነ። ውጤቱና ደቂቃው በምስሉ ላይ የማይጻፍ ከሆነ፣ ዘግይቶ የሚገባ ተመልካች ስላለ በየአምስት ደቂቃው ይነገር።

የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ተገኝቶ፣ ከየቡድን መሪው ጋር ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ «አለ» የሚለውን ቃል ከዐረፍተ ነገር ውጭ ያየ ሰው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ይሁን እንደማይለይ ሁሉ፣ ከወረቀት ላይ ብቻ የተነበበ ስም ባለቤቱ እንኳ የማያውቀው ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከልዩ ልዩ አካባቢዎችና ከውጭ አገር በመጡ ተጫዋቾች ስም ላይ ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል።

ሁለት ሰዎች ሲያስተላልፉ አንዱ ጨዋታውን ይከተል፣ ሌላው ይተንትን፤ ኳስ ወደ ፍፁም ቅጣት ምት ክልል ስትቃረብ ተንታኙ ዐረፍተ ነገሩን ባይጨርስም ይተው። ትከሻ መንካት ከዓይን ጥቅሻ የተሻለ ምልክት ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ሜዳው ላይ ነውና። ግብ ሲቆጠር ያስቆጠረውን ስም ከተናገሩ በኋላ ለስምንትና ለአሥር ሰከንድ ዝም ማለት፣ ሁለተኛው ማይክሮፎን የተተከለበትን ምክንያት ለተመልካቹ ያሰማዋል። የወደቀ ተጫዋች ጉዳቱ ምን እንደሆነ አይገመት፤ ቤተሰቦቹ ከሌላ አገር ሆነው እያዩ ሊሆን ይችላል።

ሥርጭቱ ለተመልካቹ የሚደርሰው ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ በመሆኑ፣ የተመልካቾችን አስተያየት ማንበብ በጥንቃቄ ይሁን፤ «ግብ ነው ወይ?» ብሎ የጻፈው ሰው የሚጠይቀው ስላለፈው ሙከራ እንጂ አሁን ስላለው አይደለም። አስተላላፊው በስልኩ የሚታየውን ሥርጭት እየተከተለ እንዳይናገርም መከልከል አለበት። ስልኩን የሚይዘው ሌላ ሰው ይሁን፤ እርሱም ከሜዳው ድምፅ ራቅ ብሎ በስልኩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ፣ ንግግሩ እየለየ መሆኑን በየጊዜው ያረጋግጥ፤ አብዛኛው ተመልካች የሚሰማው እንዲሁ ነውና።