ግራፊክስ ካርድ ሳልገዛ የሚንቀራፈፈውን ጌም ያስተካከልኩት እንዲህ ነው
ጎንደር ፒያሳ ያሰራሁት ፒሲ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ግራፊክሱ እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ ካርድ አልገዛሁም። የካርድ ዋጋ ደግሞ አይነሳ!

ግን ጌሙ ይቆራረጣል፣ ጌም የምሠራበት ፕሮግራም ዩኒቲም ይጎተታል። ጎኑን ስከፍተው ባለ 16 ጊጋ ራም አንድ ብቻውን ተሰክቷል። ይሄ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከራሙ ነው የሚበደረው። ዲዲአር4 3200 የሚባለው የራም ዓይነት ለብቻው በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ጥንድ ሲሆን 51.2።

ስለዚህ በሁለት ባለ 8 ቀየርኩት። ማዘርቦርዱ ባለ አራት የራም ቀዳዳ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ በኩል ቆጥራችሁ 2ኛውና 4ኛው ላይ ቀጭ እስኪል ሰኩት። ባዮስ (ፒሲው ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራውን ኤክስኤምፒን አብሩ፤ አለበለዚያ የራሙ ፍጥነት 2133 ወይም 2400 ላይ ሊቀር ይችላል።

አሁን ጌሙ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚገዛው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ፒሲውን ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሴቭ ያላደረግኩት ኮድ አብሮ እየሄደ ተቸግሬያለሁ።