ትርፍ ባዮጋዝ ሲቃጠል የሚሠሩ ስህተቶች

ፍሳሽ ቆሻሻ ማጣሪያ ውስጥ ዝቃጩ ታንክ ውስጥ ሲብላላ ጋዝ ይወጣል። ጀነሬተሩ ያልጨረሰው ትርፍ ወደ ማቃጠያው ይሄዳል። እዚያ ነው ጉዱ።

ውሃውን መርሳት። ይሄን እስኪሰለቸኝ ተናግሬዋለሁ። ማቃጠያው እምቢ ሲል ሁሉም የሚሮጠው ወደ ካንዴላው ነው። ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ይቀየራል። ኧረ ልጆች፣ መጀመሪያ ቱቦውን እዩ! ጋዙ ከታንኩ ሲወጣ 35 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በእንፋሎት ጠግቧል። ማታ ቱቦው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። የጋዙ ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢያነሳ ነው። ስለዚህ አንድ ክንድ የማይሞላ ውሃ መንገዱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል።

እኔም ጀማሪ እያለሁ ሌሊቱን ሙሉ ካንዴላ ስፈታ አድሬያለሁ። ጠዋት የገባው አንጋፋ ቴክኒሻን ካንዴላውን ዞር ብሎም አላየው። «ውሃውን አፍስሰሃል?» አለኝ። ሁለት ባልዲ ወጣ። ከዚያ ቦግ! ስታፈሱ ታዲያ ውሃው የሚጠራቀምበትን ዕቃ ሁለት ቫልቮች አንድ ላይ አትክፈቱ፤ ጋዙ ፊታችሁ ላይ ይወጣል።

በዓይን መተማመን። በቀትር ፀሐይ የሚቴን (የጋዙ ዋና ክፍል) ነበልባል አይታይም ማለት ይቻላል። «ጠፍቷል» ብሎ የተጠጋ ልጅ ቅንድቡን ትቶ ተመልሷል። የሙቀት መለኪያውን አንብቡ። በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነም ቫልቩን ክፍት አትተዉ። ያልነደደ ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል።

በአፍንጫ መተማመን ይብሳል። ጋዙ ውስጥ ያለው መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ማሽተቻውን ራሱን ያደነዝዛል። ሽታው ድንገት ከጠፋባችሁ ውጡ። የጋዝ መለኪያው ኪሳችሁ ሳይሆን ደረታችሁ ላይ ይሁን።

እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን ወንፊት «ደፈነ» ብሎ አውጥቶ መጣል። ስለዚህኛው ምንም አልልም።

የመክፈቻ ግፊትን ማዘበራረቅ። ማቃጠያው ቀድሞ ይከፈታል፣ የታንኩ ጣሪያ ላይ ያለው ማስተንፈሻ ቫልቭ በኋላ። አንድ ጣቢያ ተገልብጦ አገኘሁት። ጋዙ በጣሪያው ሲወጣ ከርሟል። ማቃጠያው አፍ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታ ነበር።