ኤሌክትሮኑ ወዴት ሄደ?
ተማሪ እያለሁ ኦክሲዴሽንን «ኦክስጅን መጨመር» ብዬ ሸምድጄ ነበር። ፈተናው ላይ ኦክስጅን ሲጠፋ እኔም ጠፋሁ። አሁን ተማሪዎቼን የማስጀምረው በሚስማር ነው።

የብረት ሚስማር በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። ኮፐር ሰልፌት የሟሟበት ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ክተቱትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሚስማሩ ቀላ ያለ መዳብ ይለብሳል፤ ሰማያዊው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። (ብርጭቆውን ለሻይ እንዳትመልሱት፣ መርዝ ነው።)

ምን ሆነ? እያንዳንዱ የብረት አቶም 2 ኤሌክትሮን ሰጥቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ኦክሲዴሽን ይሄ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው የመዳብ አዮን (2 ኤሌክትሮን የጎደለው የመዳብ አቶም) 2ቱን ተቀብሎ መዳብ ሆነና ሚስማሩ ላይ ተለጠፈ፤ እሱ ደግሞ ሪዳክሽን። ኦክስጅን እጁን አላስገባም።

ወረቀት ላይ ግን ኤሌክትሮን አይታይም። ያኔ የኦክሲዴሽን ቁጥር ጻፉ፤ አቶሙ ስንት ኤሌክትሮን እንደሰጠ (+) ወይም እንደተቀበለ (−) የምንቆጥርበት ነው። ከሌላ ያልተዋሃደ ንጥረ ነገር 0 ነው። ኦክስጅን በውህድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ −2 ነው። 2 ብረትና 3 ኦክስጅን ባለው ኦክሳይድ ኦክስጅኖቹ በድምሩ −6 ይሆናሉ፤ የውህዱ ድምር 0 ስለሆነ እያንዳንዱ ብረት +3 ነው። ከሪአክሽኑ በኋላ ቁጥሩ ከጨመረ ኦክሲዴሽን፣ ከቀነሰ ሪዳክሽን።

ብዙዎችን የሚጥለው «ሪዲዩሲንግ ኤጀንት» የሚለው ስም ነው። ሌላው ላይ ያደረገውን እንጂ ራሱ የሆነውን አይነግራችሁም። እዚህ ሪዲዩሲንግ ኤጀንቱ ሚስማሩ ነው፤ ኤሌክትሮን ሰጥቶ መዳቡን ለሪዳክሽን አበቃው፣ ራሱ የሆነው ግን ኦክሲዴሽን ነው።