ምራቅ መዋጥ ሲያምዎት፦ ምክንያቱን እንዴት ይለያሉ፣ እንዴትስ ይታከማሉ

ጠዋት ሲነሱ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያማል፤ ውሃው ሲወርድ እንደ እሾህ ይወጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቶንሲል ነው» ይልና ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ ሦስት ቀን ይውጣል፤ ሲሻለው ያቆማል። ይህ አካሄድ በሁለት በኩል ኪሳራ ነው። ሕመሙ ከቫይረስ ከመጣ፣ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ነው፣ መድኃኒቱ ምንም አልሠራም፤ የተሻለው በራሱ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ከተባለው ባክቴሪያ ከመጣ ደግሞ ሦስት ቀን አይበቃውም፤ ጉሮሮው ድኖ ልብ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ጉሮሮዎን ይዩ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ቤት ውስጥ አይሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦

- ምራቅ መዋጥ አቅቶ ከአፍ መዝረብረብ
- አየር ሲያስገቡ የሚሰማ የማፏጨት ወይም የማንኮራፋት ድምፅ
- አፍን እንደ ልብ መክፈት አለመቻል
- ትኩስ ጉርሻ እንደጎረሰ ሰው የታፈነ ድምፅ
- የአንገት ማበጥ ወይም መገተር

አፍ አልከፈት ማለቱና ድምፅ መታፈኑ፣ በተለይ ሕመሙ ወደ አንድ ወገን ካደላ፣ ብዙ ጊዜ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል መቋጠሩን ያሳያል። መግሉ በመርፌ ተስቦ ወይም ተቀዶ መውጣት አለበት፤ ክኒን ብቻውን አያጠራውም። ልጅ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ተቀምጦ ምራቁ እየተዝረበረበ በጭንቅ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ጉሮሮውን አያለሁ ብለው ምላሱን በማንኪያ አይጫኑት፣ በጀርባውም አያስተኙት። ያበጠው የአየር ቧንቧ ክዳን ጨርሶ ሊዘጋ ስለሚችል እንደተቀመጠ አቅፈው ይውሰዱት። ቶንሲሉ ላይ እንደ ቆዳ የተለጠፈ፣ ለማንሳት ሲሞከር የሚደማ ግራጫ ሽፋን ከታየ፣ በተለይ የፔንታቫለንት ክትባቱን ባልጨረሰ ልጅ ላይ፣ ዲፍቴሪያ (ዘጊ አናዳ) ሊሆን ይችላልና ነገ አይባልም።

ጥቂት ሰው የሚያውቀው ሌላ አደጋ አለ። ለእንቅርት ተብሎ ካርቢማዞል ወይም ፕሮፒልታዮራሲል የሚወስድ ሰው ጉሮሮው ታሞ ትኩሳት ከመጣበት በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴሉ መቆጠር አለበት። እነዚህ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ የነጭ የደም ሴልን ቁጥር ክፉኛ ይጥላሉ፤ የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ይኸው የጉሮሮ ሕመም ነው። የካንሰር መድኃኒት ላይ ያለ ሰውም እንዲሁ ነው።

አንድ፦ ጉሮሮውን ማየት

መስታወት ፊት ቆመው አፍዎን ይክፈቱ፣ በስልክዎ መብራት ያብሩ፣ «አ» ይበሉ። ካልታየ የማንኪያ እጀታ ምላስ ላይ ጫን ያድርጉ፤ ወደ ኋላ ብዙ ከተገፋ ያስመልሳል። መሐል ላይ የተንጠለጠለችው እንጥል ናት፤ በግራና በቀኝ ያሉት እብጠቶች ቶንሲሎች ናቸው።

መቅላት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ጉንፋንም ያቀላል። ቶንሲሎቹ አብጠው ነጭ ወይም ቢጫ መግል ነጠብጣብ ካለባቸው ግን ልብ ይበሉ። ትኩሳትም ሕመምም ሳይኖር ቶንሲሉ ስርጉድ ውስጥ የተሰገሰገች ጠንካራና መጥፎ ሽታ ያላት ነጭ ፍሬ መግል አይደለችም፤ የምግብ ትራፊና የሞቱ ሴሎች ተጠራቅመው የደነደኑ ናት። በመጉመጥመጥ ትወጣለች። ላንቃና ጉንጭ ላይ እንደ እርጎ የተረጨ፣ ሲጠረግ የሚነሳ ነጭ ነገር ደግሞ የፈንገስ ነው።

ሁለት፦ ቫይረስ ነው ወይስ ባክቴሪያ?

ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማስነጠስ፣ የድምፅ መጎርነን ወይም የዓይን መቅላት አብሮ ካለ ነገሩ ወደ ቫይረስ ያደላል፤ ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ ሁሉም እዚህ ናቸው። ስትሬፕቶኮከስ ግን ብዙውን ጊዜ ድንገት ይመጣል፤ ሐኪሞች አራት ነገር ይቆጥሩለታል፦ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ሳል አለመኖር፣ ከመንጋጋ ሥር በፊት በኩል ሲነካ የሚያም ንፍፊት፣ ያበጠ ወይም መግል የያዘ ቶንሲል። ዕድሜው ከ3 እስከ 14 ከሆነ አንድ ይጨመራል፤ 45 ካለፈ አንድ ይቀነሳል። ውጤቱ ዜሮ ወይም አንድ ከሆነ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ መታየት ይገባል፤ ፈጣን የጉሮሮ ናሙና ምርመራ ካለ ያኔ ነው የሚደረገው። አራቱ ሁሉ ቢሟሉ እንኳ ባክቴሪያው የሚገኘው በግማሽ ያህሉ ታማሚ ላይ ነው፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ «ቶንሲል ነው» ማለት ሐኪምንም ያሳስታል። ልጆች ላይ የሆድ ቁርጠትና ትውከት ሊቀድም፣ ወይም ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቀይ ሽፍታ ሊከተል ይችላል።

ወጣት ከሆነ፣ ድካሙ ሳምንታት ከቆየና ንፍፊቱ ከአንገት ኋላም ጭምር ከወጣ ኤፕስታይን-ባር የተባለውን ቫይረስ መጠርጠር ይገባል። ቶንሲሉን መግል ያስመስለዋል፤ አሞክሲሲሊን ሲሰጠው ብዙ ጊዜ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ ይወጣል። ይህን «የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ» ብለው ለዕድሜ ልክ የሚያስመዘግቡ ሰዎች አሉ፤ አለርጂ ላይሆን ስለሚችል ለሐኪም ማስረዳት ይጠቅማል።

ሦስት፦ ጉንፋንም ቶንሲልም ያልሆነው

ትኩሳት የለም፣ ሕመሙ ግን ሳምንታት ቆይቷል፤ ጠዋት ጠዋት ይብሳል፤ አፍ ይኮመጥጣል፣ ጉሮሮ ማጽዳት ያበዛል። ይህ ብዙውን ጊዜ ቃር ነው፤ የጨጓራ አሲድ ተኝተው ሳሉ ወደ ላይ እየወጣ ጉሮሮን ያቃጥላል። ማታ ጥብስ ወይም ቁርጥ በልቶ ወዲያው መተኛት ዋናው አባባሹ ነው። ከእራት እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ይተዉ፤ ከራስጌ በኩል የአልጋውን እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በእንጨት ወይም በብሎኬት ከፍ ያድርጉ። ትራስ መደራረብ ግን ሆድን አጥፎ ይብስ ይጫነዋል።

ክኒንም ያቆስላል። ዶክሲሳይክሊን ወይም የብረት ክኒን በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ ወዲያው የተኛ ሰው፣ ክኒኑ የምግብ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ስለሚሟሟ በማግስቱ ሲውጥ ደረቱን መሐል ለመሐል ይወጋዋል። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውጦ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቆየት ነው መከላከያው።

የዓሣ አጥንት ሲሰካ «ደረቅ እንጀራ ዋጥበት» የሚለው ምክር አይረባም። አጥንቱ ይበልጥ ይሰምጣል፤ የምግብ ቧንቧውንም ሊበሳ ይችላል። የመውጋት ስሜቱ ካልለቀቀ ሐኪም በመሣሪያ ያውጣው። ከምንጭ ወይም ከኩሬ ውሃ በቀጥታ የጠጣ ሰው ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማውና ደም ከተፋ አልቅት ይፈለግ።

የፈንገሱ ነገር ጥንቃቄ ይሻል። የአስም መተንፈሻ ስቴሮይድ የሚጠቀሙ ሰዎች ከእያንዳንዱ አወሳሰድ በኋላ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ቢተፉ ብዙውን ያስቀራሉ። ይህ በሌለበት፣ አዋቂ ሰው አፉ ነጭ ሆኖ ሲውጥ ከደረቱ ጀርባ ካመመው የኤችአይቪና የስኳር ምርመራ ማድረግ አለበት።

አራት፦ ሕመሙን ማስታገስ

ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የሚያሻግረው የሕመም ማስታገሻና ፈሳሽ ነው።

አዋቂ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም አንድ ወይም ሁለት ክኒን በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ክኒን ማለፍ የለበትም። የጉበት በሽታ ያለበት፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም በጣም የከሳ ሰው ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል። የጉንፋን ክኒኖች አብዛኞቹ በውስጣቸው ፓራሲታሞል አላቸው፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉበትን ይጎዳል። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ ጋር ለጉሮሮ ከፓራሲታሞል ይሻላል፤ ግን የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር አይውሰዱት። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም።

የልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ ይሰላል፦ ለአንድ ጊዜ በኪሎ እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 180 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል፤ ጠርሙሱ ላይ «120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» የሚል ከሆነ ይህ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ገበያ ላይ «250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» የሆነም አለ፤ ከዚያ ያንኑ 7.5 ሚሊ ሊትር መስጠት መጠኑን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ጽሑፉን ሳያነቡ አይስጡ፤ በቤት ማንኪያም አይለኩ፣ የማንኪያው መጠን ይለያያል። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ግን ሽሮፕ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

በጨው ውሃ ለመጉመጥመጥ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ። አንገትዎን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው ግማሽ ደቂቃ ጉሮሮ ድረስ ይጉመጥመጡና ይትፉ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ጨው ሲበዛ ያደርቃል፣ ያቃጥላል። መጉመጥመጥ የማይችል ትንሽ ልጅ ስለሚውጠው ይቅርበት።

ማር ያለሰልሳል፣ ሳልንም ያበርዳል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለብቻው ወይም በዝንጅብል ሻይ ይበቃል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና አረቄ የቆሰለውን ጉሮሮ ከማቃጠል በቀር ጥቅማቸው አይታይም። ለብ ያለ አጥሚት፣ የአጃ ሾርባ፣ የቀዘቀዘ እርጎ ይወርዳሉ፤ ሚጥሚጣውና ቆሎው ሳምንት ይቆይ። ሽንት ከጠቆረ ወይም ካነሰ ፈሳሹ አልበቃም ማለት ነው።

አምስት፦ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ

ስትሬፕቶኮከስ ያልታከመበት ልጅ፣ በብዛት ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የመገጣጠሚያ ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ የልብ በሮቹን (ቫልቮቹን) ያጠቃል። በአገራችን የወጣቶች የልብ ሕመም ዋና መነሻ ይህ ነው። መድኃኒቱ ጉሮሮው ባመመ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ግን አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመታየትና ለመመርመር ጊዜ አለ።

ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ መርፌ ነው፤ 27 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ከዚያ በታች 600 ሺህ። ያማል፣ ግን በአንዴ ያልቃል፤ መድኃኒት አቋርጦ ለሚተው ቤተሰብ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። አለርጂ ካለ አስቀድሞ ይነገር፤ ከተወጉ በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ይቆዩ። ሁለተኛው የ10 ቀን አሞክሲሲሊን ወይም ፔኒሲሊን ቪ ነው።

የ10 ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በጠርሙሱ ምክንያት ነው። 20 ኪሎ የሆነ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ 500 ሚሊ ግራም ቢታዘዝለት፣ «250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» የሚለው ሽሮፕ በቀን 20 ሚሊ ሊትር ይሄዳል፤ 100 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ በአምስተኛው ቀን ያልቃል። ልጁ ያኔ ይሮጣል፣ ይጫወታል፤ ወላጅም «አለቀ» ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ሁለቱን ጠርሙስ በአንድ ላይ ይግዙ፤ ሁለተኛውን ግን እስኪደርስ አይበጥብጡት። ሲበጠብጡ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ መስመሩ ይጨምሩ፤ ሁልጊዜም ከመስጠትዎ በፊት ይነቅንቁ፣ አለዚያ መጀመሪያ ላይ ቀጭኑ፣ መጨረሻ ላይ ወፍራሙ ይደርሰዋል።

መድኃኒቱ ትክክል ከሆነ በሁለት ቀን ትኩሳቱ ይወርዳል። ካልወረደ ወይ ቫይረስ ነው፣ ወይ መግል ቋጥሯል፤ ሌላ አንቲባዮቲክ ከመቀየር በፊት ተመልሶ መታየት ነው። ልጁ ከጀመረ 24 ሰዓት ካለፈውና ትኩሳቱ ከለቀቀው ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማውጣት

«እንጥሉ ወርዷል» የሚባለው እንጥል በእብጠት ስትረዝም ነው፤ እብጠቱ ሲጠፋ ትመለሳለች። በምላጭ ማስቆረጥም ሆነ ቶንሲልን በጥፍር ማስቧጠጥ ሕመሙን አያነሳም፤ የሚያመጣው ግን ብዙ ነው፦ የማይቆም ደም፣ ቴታነስ፣ መመርቀዝ፣ ምላጩ የጋራ ከሆነ ኤችአይቪ።

ሐኪም ቶንሲል ይውጣ የሚለው በዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ለሁለት ተከታታይ ዓመት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ በትክክል የተመዘገበ ሕመም ሲኖር ነው፤ ወይም ቶንሲሉ ተልቆ ልጁ ሲተኛ ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ።

የቫይረሱ ሕመም ሦስተኛው ቀን ላይ ከፍ ብሎ በሳምንት ይለቃል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ቀላል ጉንፋን አይባልም። አዋቂ ሰው ከሦስት ሳምንት በላይ በአንድ ወገን ብቻ ካመመው፣ ድምፁ ጎርንኖ ከቀረ፣ አንገቱ ላይ የማያም ጠንካራ እብጠት ካገኘ፣ ወይም መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎም ሾርባው አልወርድ እያለው ከከሳ፣ ጉሮሮው ወደ ውስጥ በሚገባ ካሜራ (ኢንዶስኮፒ) መታየት አለበት። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት በሚታይባቸው እንደ አርሲና ባሌ ባሉ አካባቢዎች «ጨጓራ ነው» ተብሎ ወራት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።